ለአንድ እግር አሥር ትእዛዝ

በመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛው ሥራ በጀመርኩበት ቀን ባለቤቱ ጋሽ ደምሴ የቮልሷን ቁልፍ ሰጥተው መከሩኝ። «ዝምተኛ ነህ አሉ። እዚህ ዝም ካልክ ሰልጣኙ የተኛህ ይመስለዋል። አፍህን አታሳርፍ።»

እኔ መንዳት የለመድኩት ጋራዥ ውስጥ መኪና እያስገባሁና እያስወጣሁ ነው፤ ያስተማረኝ የለም። ምክሩ ያኔም አልተዋጠልኝም።

ማሰልጠኛው ቦሌ ነበር፤ የምናሠራው ግን ወደ ጎሮ በሚወስደው ኮረኮንች ላይ ነው። ጋሽ ደምሴ ኋላ ወንበር ይቀመጡና ይጮኻሉ፦ ፍሪሲዮን፣ መስታወት፣ ማርሽ፣ ፍሬቻ፣ ትከሻህን ልቀቅ። ሰልጣኙ ሲሳሳት መፍትሔያቸው ሌላ ትእዛዝ ነው። የሰው ጭንቅላት ጆንያ ይመስል ይጠቀጥቁበታል። ፈተና ወድቆ ሲመጣ ደግሞ «ደደብ» ይሉታል። 

ወይዘሮ ዘይነባ ከወሎ የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ባለቤታቸው ወገባቸውን ታመው መንዳት ስላቆሙ ፒክአፓቸው ግቢ ቆማለች፤ ሱቁም ዕቃ የሚያመላልስለት አጥቶ ሊዘጋ ደርሷል። ሴትየዋ ሁለት ጊዜ ተፈትነው ሁለቴም ዳገት ላይ ሞተር ጠፍቶባቸው ወድቀዋል።

«ይቺ ሴትዮ አይገባትም» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ሁሉንም ከሀ ጀምርላት፤ ሰዓትም ጨምር።»

አልጨመርኩም። ወደ ደልዳላ ሜዳ ወሰድኳቸውና «ነዳጅ መስጫውን አይንኩ። መሪውን እኔ እይዛለሁ። በግራ እግርዎ የረገጡትን ፍሪሲዮን ብቻ ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ እግርዎን እዚያው ያቁሙት» አልኳቸው።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«አይ ልጄ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ለዚህች ነበር?»

ዳገት ላይ መኪና ወደ ኋላ እንዳይሸሽ የሚይዘው ያ መንቀጥቀጥ ነው፤ ባላንስ እንለዋለን። እግራቸው ሲለምደው ነዳጅ ጨመርን፤ ከዚያ ወደ ዳገት ሄድን።

ጋሽ ደምሴ ሲሰሙ ተቆጡ። «ሳምንት ሙሉ አንድ ፔዳል? ለመሆኑ አንተን ማን አስተማረህ?»

ማንም ስላልጮኸብኝ ነው የቻልኩት። 

በፈተናው ዋዜማ ጋሽ ደምሴ ላረጋግጥ ብለው ኋላ ገቡ። ዳገቱ መሃል ቆምን። «መስታወት እዪ። ነዳጅ። የእጅ ፍሬን። ኧረ ነዳጅ ስጪ ዘይነባ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ሞተሩ ጠፋ።

ወይዘሮ ዘይነባ የእጅ ፍሬኑን ስበው ዞሩ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይውረዱልኝ።»

«ከብጄባት ነው?»

«ክብደትዎስ ምንም አላለ። ድምፅዎ ነው የሚያጠፋት።»

ቮልስ ሁለት በር ብቻ ስላላት መጀመሪያ እኔ ወርጄ፣ ወንበሬን አጥፌ አስወጣኋቸው። ተመልሼ ገባሁ፤ ቃል አልተነፈስኩም። ቮልሷ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፣ አንድ ጋት ሳትሸሽ ወጣች። ጋሽ ደምሴ በእግራቸው ተከተሉን።

በማግስቱ ወይዘሮ ዘይነባ ፈተናውን አለፉ። ፒክአፗም ከግቢ ወጣች።

ሰልጣኝ ሲከብደው መጀመሪያ የሚቀነስ ነገር ይፈለጋል። ብዙውን ጊዜ መቀነስ ያለበት አሰልጣኙ የሚያወራው ነው።