ጠላ እህል ነው

አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ እንጅባራ በገባሁ ጊዜ አንድ መምህራችን የቢራ ጠርሙስ ላይ ስለሚጻፈው የጤና ማስጠንቀቂያ ሰው ምን እንደሚል ጠይቀን እንድንመጣ አዘዘን። እኔ የታዘዝኩትን አብዝቼ መሥራት ስለምወድ የሻይ ቤት ደንበኞችን፣ የዶርም ጓደኞቼን፣ መንገድ ላይ ቆመው ሰው የሚጠብቁ የባጃጅ ሾፌሮችን ሳይቀር ጠየቅሁ።

«ጽሑፉ እኮ ጉንዳን ጉንዳን ነው የሚያህለው» አለኝ አንዱ ሾፌር። «ለጉንዳን ከሆነ የተጻፈው፣ ጉንዳን ቢራ አይጠጣም።»

ጓደኛው ቀበል አድርጎ «ሳይጠጣ የሚያነብ የለም። ከጠጣ በኋላ ደግሞ ፊደሉ ይሮጥበታል» አለ።

እየሳቅሁ ጻፍሁት። ነገሩ ሁሉ የፊደል መጠን ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ደብዳቤ እንኳ በጎረቤት ከሚያስነብቡ ወላጆች መወለዴ በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም።

አባቴ አዲስ ቅዳም አጠገብ ገበሬ ነው። ገብስና ድንች ያመርታል፤ ዲከረንስ የምንለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል። ከሰል በሚከሰልበት ሰሞን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ለብርዱ ብሎ አረቄ ይጠጣል። በዚያ ዓመት ሆዱ ማበጥ ጀመረ፤ እግሩም ተከተለ። እናቴ መጀመሪያ ጠበል ወሰደችው፤ ቀጥላም እኔ ወዳለሁበት ወደ እንጅባራ አመጣችው። ሆስፒታል ያየው ወጣት ሐኪም ጉበቱ መጎዳቱን ነገረን።

«አባቴ፣ መጠጥ ያቁሙ» አለው። «መጠጡን ካላቆሙ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንዎትም።»

አባቴ ብድግ ብሎ በሚካኤል ማለ። አባቴ በሚካኤል ከማለ አይመለስም። በእርግጥም ከዚያ ቀን ወዲህ አረቄ አልቀመሰም፤ ቢራ ሲጋብዙትም እጁን አልዘረጋም።

ጥቂት ሳምንታት አለፉና ሆዱ እንደገና ሞላ።

ተመልሰው የመጡት እሑድ ጠዋት፣ የቅዳሜ ገበያ ማግሥት ነበር። የድንገተኛው ክፍል ኮሪደር በሰው ተጨናንቋል። አንዱ በዱላ ተፈንክቶ ራሱ በነጠላ ተጠቅልሏል። ሌላው ከገበያ ሲመለስ ከፈረስ ወድቆ ክንዱን ይዟል፤ አረቄው ገና አልበረደለትም። አንዲት ነፍሰ ጡር አልጋ እስኪገኝላት አግዳሚ ወንበር ላይ ጎኗን ይዛ ታቃስታለች። ነርሷ እየተሯሯጠች «በገበያ ማግሥት አልጋ ከየት ላምጣ፣ እናንተው ንገሩኝ» ትላለች።

አባቴ ነፍሰ ጡሯን አየና የተቀመጠበትን ጋቢ አንሥቶ አለበሳት። ከዚያም የተፈነከተውን እየተመለከተ «ምን ያለ መጠጥ ነው እንዲህ ሰው የሚያጫርስ!» አለ፤ ከልቡ አዝኖ።

ተራችን ደርሶ ስንገባ ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሰና «አላቆሙም ማለት ነው» አለ።

«ሚካኤልን! መጠጥ የሚባል ባፌ አልዞረም።»

«እውነቱን ነው» አለች እናቴ። «እኔ ምስክር ነኝ።»

እኔም መሐላውን አምኜ መሰከርሁ። ሐኪሙ ሦስታችንንም በየተራ አየን። ያላመነን መሆኑ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ፣ ምግብስ እንዴት ነው? ይበላል?» ሲል እናቴን ጠየቃት።

«ኧረ የት ይበላል! እህል አልወስድ ሲለው ጠላ እየሰጠሁ ነው ያቆየሁት። ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ። እንዲያበረታው ብዬ ወፈር አድርጌ ነው የጠመቅሁለት።»

ሐኪሙ የያዘውን ወረቀት አስቀመጠ። «እናቴ፣ ጠላም እኮ መጠጥ ነው።»

«ጠላ እህል ነው፣ ልጄ» አለው አባቴ በትዕግሥት፣ ለትንሽ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው። «ገብስ ነው።»

«ጌሾ ሳይገባበት ገብስ ነበር፣ አባቴ።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ሐኪሙም ጥቂት አሰበና «ጥፋቱ የኔም ነው» አለ። «መጠጥ ስል ጠላን ጨምሬ ነበር። ከእንግዲህ የመጣውን ሁሉ ጠላስ፣ ጠጅስ እያልኩ ስሙን እየጠራሁ እጠይቃለሁ።»

መድኃኒት ተሰጥቶን ስንወጣ አባቴ ዝም አለ። ሸኝቻቸው ልመለስ አስቤ ነበር፤ ዝምታው ስላስፈራኝ አብሬያቸው ሚኒባስ ተሳፈርሁ። መንገድ ላይ ነው የተናገረው።

«የዚህ ወር ሚካኤል ተራው የኛ ነው። በገዛ ቤቴ ጽዋ ልመልስ ነው?»

ለምን እንደከበደው ገባኝ። የሚካኤል ማኅበርተኞቹ በየወሩ በየቤቱ ይሰበሰባሉ፤ ቄሱ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካሉ፤ ጽዋው ለእያንዳንዱ እየተሞላ ይሰጠዋል። ጽዋ የመለሰ ሰው ማኅበሩን እንደተወ ይቆጠራል። አባቴ በታመመበት ክረምት ማሳውን ያረሱለት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ተለይቶ ከሚድን አብሯቸው ጠጥቶ ቢሞት የሚመርጥ መሰለኝ።

ቤት ስንደርስ የማውቀውን አደረግሁ፤ የጠላን ጉዳት በትልልቅ ፊደል ጻፍሁ። እናቴ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«እንስራዬ ላይ ልትለጥፊው ነው? እኔ አላነብ፣ እንስራው አያነብ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ እማዬ?»

«እስቲ ማር አለን» አለች።

በበዓሉ ጠዋት ማሩን በውኃ በጥብጣ ብርዝ አዘጋጀች። በዋዜማው ማታ እንድታደርሰው ብጠይቃት «ካደረ ይፈላል፤ ከፈላ ያ ዶክተር ይቆጣኛል» ብላኝ ነበር።

ማኅበርተኞቹ ተቀመጡ፤ ቄሱ ባረኩ። ጽዋው አባቴ ዘንድ ሲደርስ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ወንድሞቼ፣ ሐኪም መጠጥ ከለከለኝ። እኔም ተከልክያለሁ እያልሁ ጠላዬን እጠጣ ነበር። ለካ ጠላም መጠጥ ኖሯል።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «ጠላ መጠጥ ከሆነማ ሁላችንም ሰካራም ነና» አለ አንዱ። «አሁን ገና ነው የገባህ?» አለው ከጎኑ ያለው።

አባቴ አልሳቀም። «ብርዝ አለኝ። በብርዝ ተቀበሉኝ። አይሆንም ካላችሁ ንገሩኝ።»

«ብርዝ? እንደ ሕፃን?» አለ ከበር አጠገብ የተቀመጠው።

ሁሉም የማኅበሩን ሙሴ፣ ማለትም መሪያቸውን፣ ተመለከቱ። ሽማግሌው አባቴን ቀና ብለው አዩት። እናቴ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች፤ እኔም አጠገቧ ነበርሁ።

«ማኅበሩን ያቆምነው በሚካኤል ስም ነው፤ በጌሾ ስም አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «አባ፣ ብርዙንም ይባርኩለት።»

ቄሱ ባረኩት። አባቴ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠላ እስከ አተላው እንደሚጠጣው ቀና አድርጎ ጨለጠው፤ ብርዝ ግን አተላ የለውም። ከዚያም ተቀመጠ።

ጽዋው ዞሮ አብሮት ከሚያከስል ጎረቤታችን ደረሰ። እናቴ ጠላውን ልትቀዳለት ስታዘነብል የጽዋውን አፍ በእጁ ከደነ።

«ለኔም ከዚያኛው።»

«አንተ ደግሞ ምን ሆንህ?» አሉት።

«ምንም። ሰሞኑን ሆዴን ይከብደኛል።»

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። አባቴ ፈቀቅ ብሎ አጠገቡ ቦታ ሰጠውና «ሰኞ ለምርመራ እሄዳለሁ፤ አብረን እንሂድ» አለው።

እኔ ቀድሜ ተመልሼ ስለነበር ሰኞ ጠዋት እንጅባራ መናኸሪያ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ከሚኒባሱ መጀመሪያ አባቴ ወረደ፤ ከዚያም ዞር ብሎ ለጎረቤታችን እጁን ሰጠው።