አቤት ያለው እረኛ

እናቴ ወንድሜን ከሰው ዓይን የደበቀችው አፍራበት ነው የሚሉ ጎረቤቶች ነበሩን። እስካሁን አልወዳቸውም። ታላቄ ነው፤ ጢም አብቅሎ እንኳ ሐሳቡ የሕፃን ነበር። ቢሆንም «ጋሼ» ነበር የምለው። ታላቅ ታላቅ ነው፤ የሚስቅ ይሳቅ።

የእናቴ ፍርሃት ሌላ ነበር። በዚያ ዘመን ቀበሌው የብሔራዊ ውትድርና ኮታውን ለመሙላት ከየቤቱ ጎረምሳ ይለቅማል። ጋሼ ደግሞ ቁመቱ ዘለግ፣ ደረቱ ሰፋ ያለ ነው። «ትከሻውን እንጂ አእምሮውን ማን አይቶለት!» ትል ነበር። ስለዚህ ከግቢ አይወጣም። ሰው ሲመጣ ከገብስ ጎተራው ጀርባ ይገባል፤ ቢጠሩትም እንዳይመልስ በስንት መከራ አስለምዳዋለች።

ከጎጃም ተመድባ አሰላ የመጣች አንዲት ነርስ ነበረች፤ ሲስተር እንላታለን። በየዓመቱ ለገና ከሰንበት ተማሪዎች ጋር የልደትን ታሪክ በቲያትር ታሳያለች። በዚያ ዓመት ግን እንደ ጋሼ ያሉ በየቤቱ የተደበቁ ልጆችም ይጫወታሉ ብላ ተነሣች። እኛም ቤት መጣች።

«እማማ፣ ልጅዎን ለገና ይስጡኝ።»

«አይሆንም ልጄ፣ ይወስዱብኛል።»

«በቤተ ክርስቲያን ግቢ ማን ይነካዋል? ደግሞስ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ?»

እናቴ ሳቀች። ምነው ባልሳቀች!

ጋሼ እረኛ ሆነ። መልአኳ እንደ እሱው ያለች፣ ቃል የሚከብዳት ልጅ ነበረች። እሷ «እረኛ ሆይ!» ስትል እሱ ከመጋረጃው ጀርባ «አቤት! መጣሁ!» ብሎ ይወጣል፣ እጅ ይነሣል፣ እስኪጨበጨብለት ይቆማል። ያለው ድርሻ ይኸው ነው። በልምምዱ መጀመሪያ ሲጠሩት ጭጭ ይላል፤ የቤቱን ትምህርት አልረሳማ። ሲስተር ማንንም አታጣድፍም። «እስኪመልስ እንጠብቀዋለን» ትላለች፤ ሁላችንም እንጠብቃለን። አንድ ቀን በጎርናና ድምፁ «አቤት!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ።

ለገና ጆንያ ለብሶ፣ የገና ዱላውን ይዞ ወጣ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምን እንደሚሰበክ እንዲያዩ የተላኩ የአብዮት ጥበቃዎች ከኋላ ቆመዋል። አንደኛው በሳቅ እንባው እስኪፈስ አጨበጨበ። ወንድሜን ወደደው ብዬ እኔም ወደድኩት።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አፈሳ ተጀመረ። የመኪናውን ድምፅ ስንሰማ እናቴ ጋሼን ከጎተራው ጀርባ ከተተችው። «ዝም በል፣ የኔ ጌታ፣ ዝም» አለችው። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጥበቃዎች ገቡ።

«ወንድ ልጅ የለኝም። ያለችኝ ይህችው ናት» አለች።

አንደኛው ሊወጣ ነበር። ሁለተኛው ግን ያ በገና ዕለት ያጨበጨበው ነው። ፈገግ ብሎ ግቢው መሐል ቆመና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እረኛ ሆይ!»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ያኔ ገባኝ። ዝም በል ጋሼ፣ በእመቤቴ ዝም በል እያልኩ በልቤ ለመንኩ። ዝም አለ። ሰውዬውም አልቸኮለም፤ ጠበቀው።

«አቤት! መጣሁ!»

ፀጉሩ ላይ ገለባ እንደተሰካ፣ ዱላውን ይዞ ብቅ አለ። እጅ ነሥቶ ቆመ። ክንዱን ይዘው ጎተቱት፤ አልነቃነቅ አለ። እኔን አየኝ፣ እነሱን አየ። ገና አልተጨበጨበለትም። አንደኛው ሰደፉን አነሣ።

ይሄኔ እናቴ አጨበጨበች። ብቻዋን አጨበጨበችለት።

ጋሼ ሳቀ፤ ደስ ብሎት አብሯቸው ሄደ። አልተመለሰም።