የመቃብር ግንበኛው ቱንቢ

ጀርባን ለሰው ሰጥቶ መቆም እንዴት እንደሚያስፈራ ያወቅኩት በደርግ ጊዜ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አከርካሪዬ ወደ ጎን እየተጣመመ አንዱ ትከሻዬ ከሌላው ከፍ ብሏል። ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ ጤና ጣቢያ የመጡ ሐኪም አዩኝና «ወስጄ በቀዶ ጥገና አቀናዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ጥመቱን ልለካ» አሉ።

ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት ክር ስለፈለጉ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ከአንድ ግንበኛ ቱንቢ ተውሶ መጣ። እናቴ ስታየው ፊቷ ጠቆረ። ግንበኛው በደብራችን ግቢ መቃብር የሚሠራው በዚያው ቱንቢ ነበር፤ የአባቴንም የሠራው እሱ ነው። «ልጄ በቁሟ በዚህ ትለካ?» ብላ አማተበች።

ጀርባዬን ገልጬ ቆምኩ። ሐኪሙ ክሩን ማጅራቴ ላይ ያዙት። ቀዝቃዛው ብረት ወገቤን እየነካካ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል።

«አትንቀጥቀጪ፣ መለካት አልቻልኩም» አሉኝ።

ትንፋሼን ዋጥኩ። ጥርሴን ነክሼ ግድግዳው ላይ የተሳለው ማጭድና መዶሻ ላይ አፈጠጥኩ። ብረቱ ግን አሁንም ይወዛወዛል።

እናቴ ተነሥታ «እስቲ ለኔ ይስጡኝ» አለችና ክሩን ተቀብላ እሳቸው በያዙበት ቦታ ያዘችው። ብረቱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከዚያ እናቴ የሐኪሙን እጅ ትክ ብላ እያየች፣ «ቢላዋውን የሚይዘው ማነው፣ ጓድ ዶክተር?» አለቻቸው።

ሐኪሙ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና፣ «እኔው ነኝ» አሉ።