ከላምበረት ሩዋንዳ፦ የዝናሽን ሩጫ በቪዲዮ ለማየት

በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ አንድ የጥቅምት ቅዳሜ ጠዋት፣ ከታናሽ እህቴ ከዝናሽ ጋር ላምበረት ካለው ቤታችን ወጣን። የምንሄደው ሩዋንዳ ሰፈር፣ ሠርግ በቪዲዮ የሚቀርጹ ጋሽ ከድር የሚባሉ ሰው ዘንድ ነው። ሠርግ ግን አልነበረንም። ዝናሽ ከክረምት ጀምሮ ስትሮጥ ቅልጥሟን እያመማት ተቸግራለች። ወጌሻ ሦስት ጊዜ አሽቷታል፣ ሁለት ሳምንትም አርፋለች፤ ሩጫ ስትጀምር ሕመሙም አብሮ ይጀምራል። የክለብ ማጣሪያው አምስት ሳምንት ቀርቶታል። በዚህ ካላለፍኩ ሩጫውን ትቼ አጎቴ ሱቅ እገባለሁ ብላለች። እሷ ደግሞ አንዴ ካለች አለች ነው።

የቪዲዮውን ነገር ያመጣችው የሰፈራችን የስፖርት አስተማሪ ናት። የሚሮጥ እግር ለዓይን ይፈጥናል፣ ከጎን አስቀርጻችሁ ቀስ አድርጋችሁ እዩት፣ እግሯ መሬት ሲነካ ከጉልበቷ ሥር ነው ወይስ ከጉልበቷ ቀድሞ፣ ቀድሞ ካረፈ ጫናው ቅልጥም ላይ ነው፣ እሱን ተመልከቱ አለችን። እኔማ ጥፋቱን አውቀዋለሁ ባይ ነበርኩ፦ የሚያዩን ሰዎች እጇን ታወናጭፋለች ይላሉ፣ በቃ። ስድስት ዓመት ያሠለጠንኳት እኔ ነኛ! የሄድኩት ለማየት ሳይሆን ለማሳየት ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ኦሎምፒያ

ከላምበረት መገናኛ በሃምሳ ሳንቲም ታክሲ፣ ከዚያ በሃያ ሁለት በኩል ዑራኤል ደረስን። ከዑራኤል እስከ ኦሎምፒያ በእግራችን ሄድን። ዝናሽ አስፋልቱን ስትረግጥ ፊቷን ቋጠር ታደርጋለች፤ ስጠይቃት "ምንም" ትላለች። አንዲት ሻይ ቤት ገብተን ሳንቡሳ በሻይ አዘዝን። እኔ ሁለት በልቼ ስለ እጅ አያያዝ ሳስተምራት፣ እሷ ግማሹን እንኳ ሳትጨርስ ሻይዋን ታማስል ነበር። ከዚያ የቦሌ ታክሲ ይዘን ሩዋንዳ ወረድን።

ሩዋንዳ

ጋሽ ከድር ሃምሳዎቹን ያለፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የሱቃቸው መስታወት በሙሽሮች ፎቶ ተሞልቷል። ብዙ ሙሽራ ቀርጫለሁ፣ የምትሮጥ ግን አልገጠመችኝም ብለው ሳቁና ካሜራቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ወሰዱን።

እንደ ወትሮው እኔ ከፊት፣ ዝናሽ ከኋላ ሆነን ሮጥን። የእኛን አገር ልምምድ ያየ ያውቀዋል፤ የኋለኛው የፊተኛውን እግር ይከተላል። ግራው ሲነሳ ግራ፣ ቀኙ ሲነሳ ቀኝ፣ ኮቴው የአንድ ሰው እስኪመስል ድረስ። ሦስት ጊዜ እንደተመላለስን ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባና ተቀመጥኩ። ጋሽ ከድር ባትሪው ሳያልቅ ብለው እሷን ብቻዋን አስሮጧት። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር እፈታ ነበር።

ሱቅ ተመልሰን ካሴቱን አስገቡና ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ያሳዩን ጀመር። እኔ ቁመቴ ለጉድ ነው፤ ዝናሽ ከደረቴ አታልፍም። እርምጃዬ ላይ ለመድረስ እግሯን ወደ ፊት ትወረውራለች፤ ተረከዟ ከጉልበቷ ከስንዝር በላይ ቀድሞ መሬቱን ይመታል። ብቻዋን የሮጠችው ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ሆነች። እርምጃዋ አጭርና ፈጣን ነው፣ እግሯ ከጉልበቷ ሥር ያርፋል። ያ የምነቅፈው እጅ እንኳ አደብ ገዝቷል።

ጋሽ ከድር ምስሉን አቆሙት። "ይኼኛው የእሷ ሩጫ ነው" አሉ። "የቅድሙ ግን ያንተ ነው።"

ደሜ ፈላ። ሠርግ ቀራጭ ስለ ሩጫ ምን ያውቃል ልላቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ምስሉ ግን ፊቴ ቆሟል። ወደ ዝናሽ ዞሬ ብቻዋን ስትሮጥ ያማት እንደሆነ ጠየቅኳት። እምብዛም አለች።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እግሬን ተከተይ ያልከኝ አንተ ነህ፣ ጋሼ። ካልተከተልኩህ ትቆጣለህ።"

እውነቷን ነው፣ እቆጣለሁ። ኮቴዋ ከኮቴዬ ከተለየ በጆሮዬ እሰማና ዞር እንኳ ሳልል እጮህባታለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ? እጇን ስነቅፍ የኖርኩት ሰውዬ ቅልጥሟን የጎዳሁት እኔው ነኝ።

መልስ

ታክሲ ውስጥ ከነገ ጀምሮ አሥር ቀን እንድታርፍ፣ ከዚያ በራሷ እርምጃ ትንሽ ትንሽ እንድትጀምር ተስማማን። ለማጣሪያው ትድረስ አትድረስ አናውቅም። ባትደርሺ የሚቀጥለው አለ አልኳት። የአጎታችንን ሱቅ አላነሳችም።

ያን ቀን የተማርኩት፣ የአንዱ እርምጃ ለሌላው ልክ እንደማይሆን ነው። አሠልጣኝ ነኝ የሚል ሰው ከማዘዙ በፊት ማየት አለበት።

ላምበረት ስንወርድ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ዝናሽ እስከ በራችን ብቻ ልሞክር አለችኝ። በልማድ ከፊቷ ልቆም ነበር፣ ተውኩት። ቦርሳዋን ተቀብዬ ከኋላ ቀረሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በልምምድ ከፊቷ ነበርኩ፤ በውድድር ቀን እንኳ ሰዓቴን እንጂ እሷን አላይም። እህቴ ስትሮጥ በዓይኔ ያየኋት ያን ዕለት ነው።