ሁለተኛው ቆዳ

«ሦስት ጊዜ ነገርኳት! ሦስት ጊዜ! እምቢ ካለች እኔ ምን ላድርግ፣ ሲስተር?»

አዋላጇ ይህን ስትል ቴርሞሜትሩን ወደ አልጋው እንደ ጦር ቀስራ ነበር። አልጋው ላይ ትናንት የወለደች የሐመር ሴት ተቀምጣለች። ልጇ ወሩ ሳይሞላ የመጣ፣ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡት መርፌው እምብዛም ያልተነቃነቀለት ወንድ ነው። ውጭ ድንጋዩ ይፋጃል፤ የልጁ እግር ግን ቀዝቅዟል። በቱርሚ ሐሩር ሕፃን በብርድ ሊሞት ይችላል ቢሉኝ ከዚያ ቀን በፊት እስቅ ነበር።

«እምቢ ማለቷን በምን አወቅሽ?» አሉ ሲስተሯ።

«ይኸው! አያዩትም?»

ይታያል። መመሪያው ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ራቁቱን በእናቱ ባዶ ደረት ላይ ይታቀፍ ይላል። ይህኛው ግን በፍየል ቆዳ ተጠቅልሎ ነው የታቀፈው። ሌላ ቆዳ ደግሞ ከላይ ተደርቦበታል።

ሲስተሯ ከጂንካ የተላኩ ሜንተር ናቸው፤ ሥራው ላይ አብረው ቆመው የሚያማክሩ። ከእሳቸው በፊት የምናውቃቸው ተቆጣጣሪዎች ቼክሊስት ሞልተው፣ መዝገብ ላይ ፈርመው፣ የመኪናው ሞተር ሳይጠፋ ይመለሱ ነበር። እሳቸው አራተኛ ቀናቸው ነው። ከአዋላጇ ጋር ይገባሉ፣ ከአዋላጇ ጋር ይወጣሉ፤ እጃቸውን ግን ከጀርባቸው አቆላልፈው ምንም አይነኩም። ይሄ ነገር አዋላጇን ያንገበግባት ነበር።

«እርስዎ ራስዎ ለምን አያደርጉላትም? እጅዎን አስረው ከሚያዩኝ!»

«የእኔ እጅ ነገ ጂንካ ነው፣ እህቴ። ያንቺ ነው እዚህ የሚቀረው።»

«ሥልጠናውን ወስጃለሁ እኮ! ሰርተፊኬቴን ላምጣልዎት?»

«ሰርተፊኬትሽ ልጁን አያሞቀውም። ምን ብለሽ ነበር የነገርሻት?»

«ቆዳ ለቆዳ ነዋ! ሌላ ምን እላለሁ? ገጣሚው አይደል ያስተረጎመው፤ ይጠየቅ!»

ገጣሚው እኔ ነኝ። ሥራዬ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ነው፤ አስተርጓሚ የሚባል መደብ ስለሌለ ሐመርኛ ሲያስፈልግ ይጠሩኛል። ወላጆቼ ከሌላ የደቡብ አካባቢ ለንግድ መጥተው የቀሩ ናቸው። ሐመርኛን የለቀምኩት ገበያ ውስጥ፣ ከማርና ከፍየል ሻጮች መሀል ነው። በተበላሸ ካርድ ጀርባ ግጥም ስለምሞነጫጭር አዋላጇ ስትስቅም ስትናደድም በዚሁ ስም ትጠራኛለች።

«በትክክል ነው የነገርኳት» አልኩ። ቃል የማውቅ ሰው መሆኔን ስለማምን ቅር ብሎኝ ነበር።

ሲስተሯ አላከራከሩኝም። «አንተ የነገርካትን ተወው። እሷ የሰማችውን ጠይቃትና ንገረኝ» አሉኝ።

ጠየቅኋት። ሴትየዋ በትዕግሥት፣ ቀስ ብላ፣ ለልጅ እንደሚነገር አድርጋ መለሰችልኝ።

«ቆዳ በቆዳ ላይ አድርጊ አላችሁኝ። እኔ ያለኝ አንድ ነው። ሁለተኛውን ከእህቴ አስመጣሁ።» እኔንና አዋላጇን አየች። «ሦስተኛ ደግሞ ትፈልጋላችሁ?»

ይህንኑ በአማርኛ ደገምኩላቸው። በገበያ ቆዳ ማለት የተፋቀው፣ የለፋው፣ የሚሸጠው ነው። እኔም ያንኑ ቃል ነበር ያቀበልኳት። እሷ እምቢ አላለችም፤ ያልናትን አንድ ሳታጎድል ፈጽማለች፤ የጎደላትንም ተውሳ።

አዋላጇ ቴርሞሜትሩን ቀስ ብላ ዝቅ አደረገች። «በጌታ ስም!» አለች። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ አልሰደበችኝም። ያ ባሰብኝ።

ቆዳ ለቆዳ የሚለው መመሪያ የመጣበት ጥናት የት አገር እንደተሠራ አላውቅም። በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ጂንካ ላይ የሥልጠና አማርኛ ሆኖ፣ በፕላስቲክ ተለብዶ እኛ ግድግዳ ላይ ደርሷል። ያን ሁሉ መንገድ ሲመጣ አልጠፋም። ከግድግዳው እስከ አልጋው ያለችው ሁለት እርምጃ የእኔ ነበረች፤ የጠፋው እዚያች ላይ ነው። ሲስተሯ ባይቆዩ ኖሮ መዝገቡ ላይ «ምክር ተሰጥቷል፤ እናት ፈቃደኛ አይደለችም» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ልጁ ቢሞትም በእናቱ እምቢታ ነው ይባል ነበር።

«በል እንግዲህ፣ አስተካክለው» አሉኝ።

የሚያምር ቃል ፈለግሁ። አልመጣልኝም። በመጨረሻ የራሴን ሸሚዝ ገልጬ ደረቴን በመዳፌ መታሁ። «ጨርቅም የለ፣ የፍየል ቆዳም የለ። ገላሽና ገላው ይነካካ» አልኳት።

«እንዲህ አትለኝም ነበር!» አለችና ሁለቱንም ቆዳዎች ወደ እግርጌ ወረወረቻቸው።

አዋላጇ ልጁን አንስታ በእናቱ ጡቶች መሀል አስተኛችው፤ ራሱን ወደ ጎን አዘንብላ፣ ኮፍያ አድርጋ፣ በነጠላ ከእናቱ ጋር አሰረችው። አንዴ ቋጠሮው ላላባት። ሲስተሯ አንገታቸው ተንጠራራ፣ እጃቸው ግን ካለበት አልተነሣም። አዋላጇ ፈታችና እንደገና አሰረች።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አዋላጇ በየጊዜው እግሩን በመዳፏ ትይዛለች፤ ቴርሞሜትሩን ታያለች፤ ትጽፋለች። ከሰዓት በኋላ ላይ ሳይጠይቋት ቀና ብላ «እግሩ ሞቀ» አለች። ለማን እንዳለችው አልታወቀም።

የጂንካው መኪና ክላክስ አደረገ። የሲስተሯን ቦርሳ ይዤ ቀድሜ ወጣሁ። እሳቸው ደፍ ላይ ሲደርሱ የረሱት ምክር ያለ ይመስል ዞር ብለው ቆሙ። በክፍቱ በር የአቧራ ነፋስ ገባ፤ የነጠላው ጫፍ ተገለበ።

«ሲስተር» አለች አዋላጇ ከአልጋው አጠገብ፣ «ወይ ይግቡ፣ ወይ ይውጡ። ልጁ ይበርደዋል!»

ሲስተሯ ሳቃቸው መጣና ዋጡት፤ ወጡ። አዋላጇ መጥታ በሩን በኋላቸው ዘጋችው።