ሰሊን ማክሰኞ አትመጣም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቦንጋ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። ትምህርት ቤቱ ኪራይ ግቢ ውስጥ ነው፤ ተማሪዎቹ የመንገድ ሥራና የቡና ኩባንያ የውጭ ሠራተኞች ልጆች ናቸው። እኔ የመጣሁት አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ከሚቀመጥበት ከዋጫ ከተማ ትምህርት ቤት ስለነበር ጸጥታው አስጨነቀኝ። ሥራዬ አማርኛ ማስተማርና የሦስተኛ ክፍልን መምህርት ማገዝ ነበር።

ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ክላራ ግቢውን ሲያሳዩኝ አንድ ደንብ ነገሩኝ። የወላጆች ውል አልቆ ቤተሰቡ ሲሄድ፣ ለልጆቹ እስከ መጨረሻው ቀን አይነገርም። እንዳይረበሹ ነው አሉ። እሺ አልኩ፤ አዲስ ሠራተኛ ሌላ ምን ይላል?

አንዳንድ ሰኞ ጠዋት ስም ስጠራ አንድ ልጅ አቤት ሳይል ይቀራል። የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ፊቴን ያያሉ። ሻንጣ የጫነ መኪና በበሩ ባለፈ ቁጥር፣ የማን ይሆን እያልኩ ማርከር እንደያዝኩ ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ።

ሰሊን የቱርካዊ መሐንዲስ ልጅ ነበረች፤ ጓደኛዋ ኤማ ደግሞ ከፈረንሳይ። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም፣ እንግሊዝኛቸውም ገና ነበር። የሚጣሉትም የሚታረቁትም ከሞግዚቶቻቸው በለቀሙት የቦንጋ አማርኛ ነው። እኔ የመጽሐፉን አማርኛ ሳስተምር ይስቁብኛል።

አንድ ሐሙስ የሰሊን አባት መጣ። ቅዳሜ ሊሄዱ ነው፤ አርብ ከትምህርት በኋላ ራሱ ይነግራታል፣ እስከዚያ እንዳንነግራት አደራ አለን። ልጆቹ ደግሞ ማክሰኞ ማንኪራ ሄደው የጫካ ቡና ሊያዩ እየተዘጋጁ ነበር። ሁለቱ ማን ውሃ፣ ማን ዳቦ እንደሚይዝ ሲከራከሩ ቆይተው ሰሊን ወደ እኔ መጣች።

«ቲቸር፣ ማክሰኞ ከኤማ ጋር በአንድ መኪና ነው አይደል የምንሄደው?»

የተስተካከሉትን መጻሕፍት እንደገና አስተካከልኩ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ አልወጣ አለኝ።

«ሰሊንዬ፣ ማክሰኞ እዚህ አትኖሪም። ቅዳሜ ወደ ሌላ አገር ትሄዳላችሁ» አልኳት።

አልጮኸችም። ሄዳ ኤማ አጠገብ ተቀመጠችና ነገረቻት።

ማታ ለአባቷ ተናግራ ኖሮ፣ አርብ ጠዋት ወይዘሮ ክላራ ቢሮ አስጠሩኝ። ምስጢር ማውጣት ከሥራ እንደሚያሰናብት ነግረው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። በደንቡ ከሄድን ልክ ናቸው። እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ወጣሁ።

ያን ቀን ሁለቱ ልጆች አልተማሩም። ሰሊን ኤማን አስከትላ ዘበኛውን ጋሽ ገብሬንና ወጥ ቤቷን እትዬ አለሚቱን፣ ሁሉንም በየተራ ተሰናበተች። ኤማ ለጉዞው ያዘጋጀችውን የውሃ ኮዳ ሰጠቻት።

ከሰዓት አባትየው ሊወስዳት መጣ። እንደሚጮህብኝ እርግጠኛ ስለነበርኩ መልሴን አዘጋጅቼ ጠበቅኩት። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰሊን ስታለቅስ የምትጠራው ኤማን ብቻ እንዳልሆነ ነገረኝ። ከዚህ በፊት በኖሩባቸው አገሮች ጥላቸው የመጣቻቸውን ልጆች ሁሉ በስማቸው ትጠራለች።

«አንዳንዶቹን እኔ አላውቃቸውም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ልጅ ሸኝቻለሁ። ለአዲስ መምህራን የምለው ይኼን ነው፤ ልጅ የሚሄድበትን ቀን ይወቅ። መሰናበት ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜው ደግሞ የልጁ ነው።