የበርሜሉ ቀለበት

ወንድም ጋሼ ቅርጫት ኳስ የተማረው ናዝሬት፣ ግቢያችን ግድግዳ ላይ በቸነከረው የበርሜል ቀለበት ነው። መውጫ ቪዛ ሳይኖረው ከአገር ስለወጣ መመለስ አልቻለም። በየዓመቱ ሌላ ቡድን ይቀጥረው ነበር፤ ካርቱም፣ ካይሮ፣ አቴና። የሚልክልን ደብዳቤ መጨረሻ ግን ሁሌም አንድ ነው፦ «ቀለበቱን እንዳትነቅሉት፤ መጥቼ እጫወትበታለሁ።»

እናታችን «ይሄ ልጅ ሸብቶም ኳስ?» እያለች ትስቅና ዝገቱን በዘይት ትጠርግ ነበር።

የወንድም ጋሼ መርዶ የመጣ ዕለት የእድር ሰዎች የድንኳኑን ገመድ የሚያስሩበት አጡ። አንድ ሽማግሌ ገመዱን እንደያዙ ቀና ብለው ቀለበቱን አዩ። እናቴ «እሰሩበት፤ የራሱ ነው» አለች። ቀለበቱ ሦስት ቀን ድንኳኑን ይዞ ቆየ።

አሁን ድንኳኑ ተነሥቷል። ከሰዓት በኋላ ሸለብ ሲያደርገኝ ግቢው ውስጥ ኳስ ሲነጥር እሰማለሁ። ስነቃ በቀለበቱ ውስጥ የሚያልፈው አቧራ ብቻ ነው።

ወንድም ጋሼ፣ አልነቀልነውም።